ከ«ዎተር» እስከ «ቫትን»፦ አንድን ቃል በጀርማናዊ ቋንቋዎች ውስጥ ተከታትሎ ሥሩ ድረስ መሄጃ መንገድ

ሚኒያፖሊስ ያለ ዘመዳችሁ ምግብ ቤት ገብቶ ውሃ ሲጠይቅ «ዋረር» ይላል። ፍራንክፈርት ያለችው «ቫሰር» ትላለች። አምስተርዳም «ቫተር» ነው፣ ስቶክሆልም «ቫተን»፣ ኦስሎ ደግሞ «ቫን»። ዘመድ በየአገሩ በተበተነበት በዚህ ዘመን፣ አምስቱንም በአንድ የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መስማት ይቻላል።

አምስቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ቃሉ የሚነገርባቸው ቋንቋዎችም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ጀርማናዊ ይባላሉ። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመትና ከዚያም በፊት በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ሰዎች ውሃን በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ልጅ የልጅ ልጆቻቸው እየተራራቁ ሲሄዱ ቃሉም በየአፉ እየተለወጠ እዚህ ደረሰ።

ይህን ግን ማንም ስለነገራችሁ ብቻ አትቀበሉት። ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። መንገዱን ከታች ደረጃ በደረጃ አስቀምጬዋለሁ። የቋንቋ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ኢንተርኔትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ጀርመንኛ ወይም ስዊድንኛ እየተማራችሁ ከሆነማ ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ መንገዱ አንዴ ከገባችሁ ብዙ ቃላትን ሳትሸመድዱ ትገምታላችሁ፣ ግምታችሁም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል።

መጀመሪያ በቤታችን እንሞክረው

ግዕዝ «እድ» ይላል፣ አማርኛ «እጅ»። ግዕዝ «ወልድ» ይላል፣ አማርኛ «ልጅ»። ልብ በሉ፦ ሁለቱም ላይ ግዕዙ «ድ» ያለበት ቦታ አማርኛው «ጅ» አለው። (አማርኛ በቀጥታ ከግዕዝ ወረደ ወይስ ጎን ለጎን አደጉ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ እዚህ አያስፈልገንም።) ትግርኛ «ኢድ» ይላል፣ ዕብራይስጥ «ያድ»፣ ዐረብኛ «የድ»። «ድ»ን ሁሉም ጠብቀውታል፣ የቀየረው አማርኛ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሙሉው ዘዴ አለ። ድምፅ ሲለወጥ አንድ ቃል ላይ ብቻ አይለወጥም። ተመሳሳይ ሁኔታ ባገኘ ቁጥር፣ በሌላውም ቃል ላይ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ቃላት ዘመድ ናቸው ለማለት መመሳሰላቸው አይበቃም። ልዩነታቸው ራሱ ሕግ ያለው፣ የሚደጋገም ልዩነት መሆን አለበት። ይህችን ነገር እስከ መጨረሻው ያዙልኝ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቃል ምረጡ

ሰው በየቀኑ የሚጠራውን፣ ከማንም መዋስ የማያስፈልገውን ነገር ምረጡ። ውሃ፣ እጅ፣ እግር፣ እናት፣ ፀሐይ፣ ሁለት፣ አሥር፣ መብላት። እንዲህ ያሉ ቃላት ዕድሜያቸው ረጅም ነው።

የንግድ ዕቃና የቴክኖሎጂ ስሞችን ግን ተዉአቸው። ቡናን እዩ። እንግሊዝኛ «ኮፊ»፣ ጀርመንኛ «ካፌ»፣ ስዊድንኛም «ካፌ» ነው የሚለው። ከውሃው የበለጠ ይመሳሰላሉ አይደል? የተመሳሰሉት ግን ከአንድ እናት ስለተወለዱ አይደለም። ቃሉ ከዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክኛ በኩል አልፎ፣ ከቡናው ጋር አብሮ ወደ አውሮፓ ገባ። ትናንት የመጣ እንግዳ ስለሆነ ገና አልተለወጠም። እንግዲህ በጣም መመሳሰል ራሱ አንዳንዴ ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል።

ተራ የሚመስል የቤት ቃልም ሊያታልል ይችላል። መስኮትን ጀርመንኛ «ፌንስተር» ይለዋል፣ ስዊድንኛ «ፎንስተር»፤ ሁለቱም ከላቲኑ «ፌኔስትራ» የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛው «ዊንዶው» ደግሞ ቫይኪንጎች ይዘውት የመጡት ቃል ነው፣ ትርጉሙም «የነፋስ ዓይን»። እኔ ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ፤ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳን ነፋስ የሚያይበት ዓይን ብሎ የጠራው ሰው ማን ይሆን? ለኛ ሥራ ግን መስኮት አይሆንም። ውሃን እንያዝ።

ደረጃ 2፦ ዛሬ የሚነገሩትን ሰብስቡ

ደብተራችሁ ላይ በግራ በኩል የቋንቋውን ስም፣ በቀኝ በኩል ቃሉን ጻፉ። እንዲህ ይሆናል፦

እንግሊዝኛ፦ ዎተር
ጀርመንኛ፦ ቫሰር
ይዲሽ (የአውሮፓ አይሁድ ቋንቋ)፦ ቫሰር
ሆላንድኛ፦ ቫተር
አፍሪካንስ፦ ቫተር
ፍሪዝኛ (በሰሜን ሆላንድ የሚነገር)፦ ቬተር
ስዊድንኛ፦ ቫተን
ዴንማርክኛ፦ ቫን
ኖርዌይኛ፦ ቫን፣ በሌላው የአጻጻፍ ስልት ቫትን
አይስላንድኛ፦ ቫትን

ድምፁን በጆሯችሁ ስሙት እንጂ ፊደሉን ብቻ አትመኑ። የትርጉም መተግበሪያዎች የድምፅ ማጉያ ምልክት አላቸው፣ እሷን ተጫኑ። አይስላንዶች «ቫትን» ሲሉ ከ«ት» በፊት ትንሽ «ህ» ትሰማላችሁ። ዴንማርኮች «ቫን» ሲሉ መጨረሻው ላይ ጉሮሯቸው ቆም ይላል። የዴንማርኩ ቃል ሲጻፍ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ድ» አለ፣ ግን አይነበብም። ይህችን «ድ» ምልክት አድርጉባት፣ ኋላ ወጥመድ ትሆናለች።

እግረ መንገዳችሁን አሜሪካኖቹን ስሙ። «ዎተር» ውስጥ ያለውን «ት» ለኛ ጆሮ «ር» አድርገውታል፤ «ዋረር»። «በተር»ንም «በረር» ይላሉ፣ «ሲቲ»ንም «ሲሪ»። ለንደን ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው «ት»ን ጉሮሮው ውስጥ ይውጠውና «ዎአ» ይላል። የድምፅ ለውጥ ድሮ አልቆ የተዘጋ ታሪክ አይደለም፤ እየሆነ ያለ ነገር ነው፣ ያውም በሥርዓት፣ በቃል ሁሉ ላይ።

ደረጃ 3፦ በሚለያዩበት ነገር ከፋፍሏቸው

አሁን ዝርዝሩን እዩት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርመንኛው «ስ» ሲል ሌሎቹ «ት» ማለታቸውን ነው። ጥሩ፣ ጻፉት። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ድምፅ እዩ። እንግሊዝኛ ብቻ «ው» ይላል፣ ሌሎቹ «ቭ»። ይህንንም ጻፉ።

ሦስተኛው ልዩነት መጨረሻው ላይ ነው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሆላንድኛ፣ ፍሪዝኛ በ«ር» ይጨርሳሉ። ስዊድንኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ኖርዌይኛ፣ አይስላንድኛ በ«ን»። ካርታ ላይ ብታስቀምጡት ባሕሩ መሃል ላይ ገብቶ የከፈላቸው ይመስላል፤ ደቡቦቹና ምዕራቦቹ «ር»፣ ሰሜኖቹ «ን»።

ብዙ ጀማሪ ይህችን ሦስተኛዋን ልዩነት «መጨረሻው እንዲሁ ይለያያል» ብሎ ይተዋታል። እባካችሁ አትተዉአት። ከሁሉም ጥልቅ የሆነው ታሪክ ያለው እዚች ጋ ነው። ለጊዜው ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁባት እንቀጥል።

ደረጃ 4፦ የድሮ ጽሑፎች ላይ ሂዱ

ዊክሽነሪ የሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል ፈልጉና የቃል አመጣጥ የሚለውን ክፍል ክፈቱ። የድሮ ቅርጾቹን ዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። እነዚህን ደብተራችሁ ላይ ጨምሩ፦

የድሮ እንግሊዝኛ፦ ዋተር
የድሮ ሳክሶንኛ (በሰሜን ጀርመን ይነገር የነበረ)፦ ዋታር
የድሮ ጀርመንኛ፦ ዋሳር
የድሮ ኖርስ (የቫይኪንጎች ቋንቋ)፦ ቫትን
ጎትኛ፦ ዋቶ

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ ሚዛን ያለው ጎትኛ ነው። ጎቶች የሚባሉት የጥንት ጀርማናዊ ሕዝብ ዛሬ የሉም፣ ቋንቋቸውም ሞቷል። ነገር ግን በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በኛ አገር ኢዛና በነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው፣ ዉልፊላ የሚባል ጳጳሳቸው ፊደል ቀርጾ መጽሐፍ ቅዱስን ተርጉሞላቸዋል። ከዚያ ትርጉም የተረፈው ትልቁ ቅጂ በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ ነው፣ አሁን ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ስዊድን ያላችሁ ሄዳችሁ አይታችሁት ኑ።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ ዮሐንስ መጥምቁ በውሃ አጠምቃችኋለሁ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎትኛው «ኢክ ዳውፕያ ኢዝዊስ ኢን ዋቲን» ይላል። «ኢን ዋቲን» ማለት በውሃ ነው። «ዋቶ» የነበረው «ዋቲን» ሆነ፤ «ን» መጣች። «የውሃ» ማለት ሲፈልጉ ደግሞ «ዋቲንስ» ይላሉ፣ እዚያም «ን»። ስለዚህ ጎትኛ በዚህ ነገር ከሰሜኖቹ ጋር ነው።

(«ዳውፕያ»፣ አጠምቃለሁ የሚለው ግስ፣ ጥልቅ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ዲፕ» ጋር ዘመድ ነው። ወደ ጥልቅ ማስገባት። ጀርመንኛ ዛሬም ማጥመቅን «ታውፈን» ይለዋል።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። የድሮዎቹ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ጎትኛ ሁሉም በ«ው» ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ «ው» የመጀመሪያው ነው፣ «ቭ» በኋላ የመጣ ለውጥ። እንግሊዝኛ ብቻ የድሮውን ጠብቆ ቀረ። አንዱ ጥያቄያችን ተመለሰ።

ደረጃ 5፦ የድምፅ ሕጎቹን ፈትሹ

ይህ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ቶሎ አትለፉት። እያንዳንዷን ልዩነት «ሌላ ቃል ላይም ትደገማለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት።

ከጀርመንኛው «ስ» እንጀምር። የእንግሊዝኛና የጀርመንኛ ጥንዶች ፈልጉ፦

መብላት፦ ኢት / ኤሰን
እግር፦ ፉት / ፉስ
የተሻለ፦ ቤተር / ቤሰር
መጥላት፦ ሄይት / ሃሰን
ነጭ፦ ዋይት / ቫይስ
ምን፦ ዋት / ቫስ

ከአናባቢ ቀጥሎ እንግሊዝኛ «ት» ካለ ጀርመንኛ «ስ» ይላል። ቃሉ በ«ት» ከጀመረ ደግሞ ጀርመንኛው «ትስ» ይሆናል፦ ቱ የነበረው «ትስቫይ» (ሁለት)፣ ቴን የነበረው «ትሴን» (አሥር)፣ ቱዝ የነበረው «ትሳን» (ጥርስ)። ዎተርና ቫሰር ከዚህ ሰልፍ ውስጥ በትክክል ይገባሉ። ይህን ስታዩ ነው ዘመድ ናቸው ማለት የምትችሉት።

ይህ ለውጥ የተጀመረው ከደቡብ፣ ከተራራማው አገር ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን የተጻፉት የድሮ ጀርመንኛ ጽሑፎች ላይ ጨርሶ ተቀምጧል። ወደ ሰሜን እየገፋ ሄዶ ግን መንገድ ላይ ቆመ። የቆመበት ድንበር የቤንራት መስመር ይባላል፤ ቤንራት ዱሰልዶርፍ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ከመስመሩ በስተሰሜን ያለው የድሮው የገጠር ጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ቫተር» ነው የሚለው፣ ልክ እንደ ሆላንድኛው። ሃምቡርግ ያላችሁ፣ ትልልቅ ሰዎች «ዳስ»ን «ዳት»፣ «ቫስ»ን «ቫት» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የሰውየው አነጋገር የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። እሱ የድሮውን ነው የያዘው፣ የተለወጠው የትምህርት ቤቱ ጀርመንኛ ነው። ኮሎኝ ደግሞ መሃል ላይ ስላለች ይገርማል፤ የከተማው ቋንቋ «ዳት»ና «ቫት» ብሎ ውሃን ግን «ቫሰር» ይላል።

በዚህ ሕግ አንድ ቃል መቼ እንደገባ ማወቅም ይቻላል። መንገድ በጀርመንኛ «ሽትራሰ» ነው፣ ሮማውያን ካስተማሯቸው ከላቲኑ «ስትራታ» የተወሰደ። «ት»ው «ስ» ስለሆነ ቃሉ ከለውጡ በፊት ነበረ ማለት ነው። ሻይ ግን «ቴ» እንጂ «ትሴ» አይደለም፤ ሻይ የደረሰው ለውጡ ካለቀ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነዋ።

አሁን ወደ ሰሜን። አይስላንድኛ «ቫትን»፣ ስዊድንኛ «ቫተን»፣ ዴንማርክኛና ኖርዌይኛ «ቫን»። «ት»ና «ን» ተጣብቀው ሲመጡ ለምላስ ይከብዳሉ። ስዊድኖች መሃሉ ላይ አናባቢ አስገብተው አቀለሉት። ዴንማርኮች «ት»ን «ን» ውስጥ አቅልጠው ጨረሱት። አይስላንዶች እንዳለ ይዘውት ቀሩ። ይደገማል ወይ? የነገር ታችኛውን ክፍል፣ ቂጡን፣ ምን እንደሚሉት እዩ፦ አይስላንድኛ «ቦትን»፣ ስዊድንኛ «ቦተን»፣ ዴንማርክኛ «ቡን»፣ ኖርዌይኛ «ቡን»። ያው ሰልፍ ነው። ዴንማርክኛው ይህንንም ሲጽፍ መጨረሻው ላይ ያቺን የማትነበብ «ድ» ያስቀምጣል።

ደረጃ 6፦ ከጀርማናዊው ቤት ወጥታችሁ ጎረቤት ጠይቁ

ጀርማናዊ ቋንቋዎች ራሳቸው የትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ኢንዶ-አውሮፓዊ ይባላል። ራሺያኛ፣ ግሪክ፣ ላቲን፣ ሳንስክሪት (የጥንት ሕንድ ቋንቋ)፣ ፋርስኛ ሁሉም እዚያው ናቸው። ራሺያኛ ውሃን «ቮዳ» ይለዋል፣ «ቮድካ» ማለት ትንሿ ውሃ ነው። ግሪክ «ሂዶር» ይላል። ላቲን «ኡንዳ» ሲል ማዕበል ማለቱ ነው። ሳንስክሪት «ኡዳካ»።

እነዚህ ሁሉ «ድ» አላቸው፣ ጀርማናዊዎቹ «ት»። ይደገማል? ላቲን «ዱኦ» ሲል እንግሊዝኛ «ቱ»፣ ላቲን «ዴኬም» ሲል «ቴን»፣ ላቲን «ኤዴሬ» ሲል «ኢት»። ይደገማል። ይህንን ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት አሳይቶታል፤ በ1822 ያኮብ ግሪም በሥርዓት አስፍቶ ስለጻፈው ዛሬ የግሪም ሕግ ይባላል። ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ግሪም ነው። ለኔ ራስክም ስሙ አብሮ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ ምልክት ያደረግንባት «ር»ና «ን» እንመለስ።

ከ1906 ጀምሮ ቱርክ ውስጥ፣ ከአንካራ በስተምሥራቅ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ጽላቶች ከመሬት ወጡ። የኬጢያውያን ቤተ መዛግብት ነበር፤ ስማቸውን ከኬጢያዊው ኦርዮ ታሪክ እናውቀዋለን። ፊደሉ ከባቢሎን የተወሰደ ስለሆነ ይነበባል፣ ቋንቋው ግን አይገባም። በ1915 ቤድርዢህ ህሮዝኒ የሚባል የቼክ ምሁር አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመ። ውስጡ ዳቦን የሚያመለክት የታወቀ ምልክት አለ። ከምልክቱ ቀጥሎ «ኤትሳቴኒ» ይላል፣ ከዚያ «ዋታር-ማ ኤኩቴኒ»። ዳቦ ካለ መብላት ይኖራል ብሎ አሰበ። «ኤትሳ» ከጀርመንኛው «ኤሰን» ጋር ይቀራረባል። «ዋታር» ደግሞ... እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዓረፍተ ነገሩ «አሁን ዳቦ ትበላላችሁ፣ ውሃም ትጠጣላችሁ» ማለት ሆነ። ከ3,000 ዓመት በላይ ዝም ብሎ የኖረ ቋንቋ በውሃና በዳቦ አፉን ከፈተ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ እንባ ነው የመጣብኝ።

ለኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ኬጢያውያን «ውሃው ፈሰሰ» እንደማለት ሲሆን «ዋታር» ይላሉ። «የውሃው» ሲሉ ግን «ዊቴናስ»። ያው አንድ ቃል፣ በአንዱ ቦታ «ር»፣ በሌላው ቦታ «ን»! ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «መጣ»፣ «ይመጣል» እያልን ስንጠራ ግን «ና» እንላለን፣ አንድ ግስ ሁለት መልክ አለው። የጥንቱ የውሃ ቃልም ሁለት መልክ ነበረው። የጥንቱ ቤት ሲፈርስ ምዕራቦቹ ባለ «ር»ውን መልክ ለሁሉም ቦታ ተጠቀሙበት፣ ሰሜኖቹ ባለ «ን»ውን። ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም አልጨመረም። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

እዚህም «ይደገማል?» በሉ። እሳትን እዩ። ኬጢያውያን «ፓሁር» ይላሉ፣ «የእሳት» ሲሉ «ፓሁኤናስ»። እንግሊዝኛ «ፋየር»፣ ጀርመንኛ «ፎየር»፣ ግሪክ «ፒር»፤ «ር» ናቸው። ጎትኛ ግን «ፎን»፣ «የእሳት» ሲል «ፉኒንስ»፤ «ን»። ልክ እንደ ውሃው ተከፋፈሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርተው ምሁራን የጀርማናዊውን እናት ቃል «*ዋቶር» ብለው ይጽፉታል። ፊቱ ላይ ያለችው ኮከብ «ይህ ቃል ተጽፎ አልተገኘም፣ ከልጆቹ ተነስተን አወጣነው» ማለት ነው። እናንተም ስታወጡ ኮከቧን አትርሱ።

ደረጃ 7፦ ወጥመዶቹን እለፉ

የመጀመሪያው የዴንማርኩ «ድ» ነው። ጀማሪ ሰው የማትነበበዋን «ድ» ያይና «ይኸው የራሺያኛው የቮዳ ድ!» ይላል። አይደለም። በዴንማርክኛ «ንድ»ና «ን» በድምፅ አንድ ሆነው ስለነበር ጸሐፊዎች «ን» የሚባለውን በ«ንድ» መጻፍ ጀመሩ። ያቺ «ድ» የጸሐፊ ልማድ ናት፣ ከጥንት የተረፈች አይደለችም። የኬጢያውያኑ «ዋታር» ውስጥ ያለችው «ት»ም እንዲሁ ነው፤ በጽላቱ አጻጻፍ ነጠላ «ት» የላላውን ድምፅ ታመለክታለች፣ ከእንግሊዝኛው «ት» ጋር መግጠሟ አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የኛው ነው። «ውሃና ዎተር ሁለቱም በው ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ከኛ ነው የወሰዱት» የሚል ጽሑፍ በየፌስቡኩ አያለሁ። ፈትኑት። ሌላ ቃል ላይ ይደገማል? አይደገምም። የአማርኛ ዘመዶች ሌላ ቦታ ናቸው። የግዕዙንና የትግርኛውን «ማይ» ውሰዱ፣ ማይጨው ላይ ያለውን። ዕብራይስጡ «ማይም» ነው፣ እስራኤል ያላችሁ በየቀኑ የምትሉት፤ ዐረብኛው «ማእ»። እነዚህ በሥርዓት ይገጥማሉ። ትልቅ ቤተሰብ አለን፣ የሌላውን መጎተት አያስፈልገንም።

ሦስተኛው ላቲን ነው። «አኳ» ከዎተር ጋር ዝምድና የለውም። ጥንት ውሃን የሚጠሩበት ሁለት ቃል ነበረ፣ «አኳ» የወጣው ከሌላው ነው። የዚያኛው ቃል ልጆችም ጀርማናዊ ቋንቋዎች ውስጥ አሉ፣ ግን ወንዝ ሆነዋል። ስዊድንኛና ዴንማርክኛ ትንሽ ወንዝን «ኦ» ይላሉ። አንዲት ድምፅ ብቻ ቀርታለች! ኖርዌይ ውስጥ ሎፎተን ላይ በዚህች አንዲት ፊደል ብቻ የምትጠራ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች።

ትርጉምም ይንሸራተታል፣ በዚህ አትደንግጡ። አይስላንድኛ «ቫትን» ውሃም ሐይቅም ነው፤ «ሚቫትን» የሚባለው ሐይቅ የትንኝ ሐይቅ ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሐይቆቹ በበዙበት አገርም «ኡልስዎተር»፣ «ደርወንትዎተር» የሚባሉ ሐይቆች አሉ። «ኦተር» የሚባለው ዓሣ በሊታ እንስሳም ዘመዳቸው ነው፣ የውሃ እንስሳ ለማለት።

ደረጃ 8፦ አሁን ብቻችሁን ሞክሩ

ፀሐይን ስጡ ለራሳችሁ። መጀመሪያ የሚከተለውን ሳታነቡ ዝርዝሩን ሠርታችሁ ኑ።

ሠራችሁ? እንግሊዝኛ «ሳን»፣ ጀርመንኛ «ዞነ»፣ ሆላንድኛ «ዞን»፤ ሁሉም «ን» አላቸው። ስዊድንኛ «ሱል»፣ አይስላንድኛ «ሶል»፤ «ል» ናቸው። ከውጭ ጎረቤት ስትጠይቁ ላቲን «ሶል» ይላል። እንግዲህ የጥንቱ የፀሐይ ቃልም እንደ ውሃው ሁለት መልክ ነበረው፣ በ«ር» ፋንታ «ል» ገብቶ። ምዕራቦቹና ሰሜኖቹ እዚህም ተከፋፍለዋል፣ አሁን ግን «ን»ን የያዙት ምዕራቦቹ ናቸው።

ቀጥሎ የድሮ ጽሑፍ ላይ ሂዱ፣ ወደ ዉልፊላ። ጎትኛው ሁለቱንም መልክ ይዟል። ማርቆስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 32 ላይ፣ በመሸ ጊዜ በሽተኞችን ወደ ጌታ ሲያመጡ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ «ሳዊል» ናት። ምዕራፍ 16 ቁጥር 2 ላይ ሴቶቹ በማለዳ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ የምትወጣው ፀሐይ «ሱኖ» ናት።